ሁሉን ጠየቋት፣ ጾሟን ግን አልጠየቋትም

ታላቅ እህቴ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። ክብደቷ 105 ኪሎ። ስኳር አለባት፤ ጉልበቷም ደረጃ አላስወጣ ብሏታል። ደብረ ብርሃን ላይ ፊት ለፊት "ተመችቶሻል" ይሏታል። ዞር ስትል ደግሞ "ሆዷን መቻል አቅቷት ነው" ይላሉ። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ይህን ያህል ውፍረት በሽታ ነው። በዘርም፣ በሆርሞንም፣ በአኗኗርም ይመጣል።

ጨጓራ የሚያሳንሰውን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ስትወስን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። እሷ የመሰላት ከፍሎ፣ ቀን አስቆርጦ መተኛት ነበር። የጠበቃት ግን ወራት የፈጀ ምርመራ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ለማን እንደሚገባ የሚለየው መስፈርት ራሱ አያወዛግብም። ቁመትን በሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ክብደትን ለዚያ ማካፈል ነው። የእሷ 41 ይመጣል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት የሚል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የዚህ ኦፕራሲዮን ሐኪሞች ማኅበራት አሻሻሉት። አሁን 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ይመከርለታል። ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይታሰብለታል። እህቴ በድሮውም በአዲሱም ታልፋለች።

ከቁጥሩ በኋላ ነው ሥራው የጀመረው። ደም ሰጠች። ኢንዶስኮፒ ተደረገላት፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራዋ ታየ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባት መድኃኒቱን ጨረሰች። ማታ ታንኮራፋ እንደሆነ ተጠየቀች። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ማደንዘዣ ሲሰጠው ያሰጋልና። ከዚያ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተላከች። እዚህ ላይ ተቆጣች። "አበደች ተባልኩ እንዴ?" አለች። እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም።

እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት ያንን ክፍል ነው። ሲከፋዎት ይበላሉ? ሌሊት ተነሥተው ይበላሉ? መጠጥ ይቀምሳሉ? ጥያቄዎቹ ስድብ አይደሉም። ሐዘኑን በምግብ የሚያስታግስ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያ መጽናኛ ይወሰድበታል። ወደ መጠጥ የሚዞርም አለ። ከአንዳንዱ ኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ በብርድ አመካኝቶ አረቄ ለሚቀመስበት አገራችን ይህን አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ምንም ሳይመረምሩ ለኦፕራሲዮኑ ውጭ አገር ሊወስዱ "ፓስፖርት ይዘህ ና" የሚሉትን ደላሎች የምፈራቸውም ለዚህ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የምግብ ባለሙያዋ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። እንቁላል፣ እርጎ፣ ቱና፣ የዶሮ ሥጋ። ሑዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ሽሮ የለም። ምስር የለም። "ይጾማሉ ወይ?" የሚል መስመርም የለም። ስለ ሲጋራ ግን ሁለት ጊዜ ተጠይቃለች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሲጋራ የምታጨስ የእሷ እኩያ ፈልጌ ባገኝ ይገርመኛል።

ነገሩ የሃይማኖት ክርክር አይደለም፤ የጨጓራ ጉዳይ ነው። በአንደኛው የኦፕራሲዮን ዓይነት ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው የሚይዘው ትንሽ ነው። በቀን ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ውሃውንም ቀኑን ሙሉ መጎንጨት ያስፈልጋል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ውሎ ከዚያ ጠግቦ መብላት አይቻልም። ቪታሚን ቢ 12 ደግሞ ከምስርና ከባቄላ አይገኝም። ቪታሚኑ እስከ ዕድሜ ልክ የሚወሰደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጉርሻም አለ። የእናታችንን ጉርሻ የሚያውቅ ያውቀዋል። "በሞቴ" ተብላ እምቢ የማትል ሴት አንዷ ትልቅ ጉርሻ ታስመልሳታለች።

እህቴ ካልተጠየቀች አትናገርም። የእሷ ዓይነት ሰው ሐኪም ፊት "እሺ" ብሎ ይወጣና ቤቱ ገብቶ ይጾማል። ንስሐ አባቷን ስታማክራቸው "ለታመመ ሰው አይጸናበትም ልጄ፤ ሐኪምሽ ምን እንዳለ ግን ንገሪኝ" አሏት። ሐኪሙ ምንም አላለም። ስለዚህ ለአባም የምትመልሰው አጣች።

ጥያቄው ቅጹ ላይ ይታተም እላለሁ። የስንት ቀን ጾም ትጾማለህ? በስንት ሰዓት ትፈስካለህ? ጾም ላይ ፕሮቲንህ ከምንድነው? ለሙስሊም ወንድሞቻችን ረመዳን እንዲሁ ይጠየቅ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው የደም ምርመራም ለዓመታት ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ ቱቦ ደም ጣርማ በርን አቋርጦ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ለደብረ ሲናና ለሸዋ ሮቢት ሰው ከባድ ነው። ክትትሉ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲሆን ከመጀመሪያው ይታቀድ።

የእህቴ ቀጣይ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይዛው የምትሄደውን ወረቀት እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩላት። ረቡዕና ዓርብ። ሑዳዴ 55 ቀን። ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ። ከጎኑ የምትበላው፦ ሽሮ፣ ክክ፣ ሥልጆ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ። ከታች በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨመረችበት። "ከእነዚህ የቱን ልብላ? ስንት ማንኪያ?"