እርማት፦ ሲድ ሽልማት የፕሮጀክት በጀት አይጠይቅም

«የማኅበር ፈቃድና ዝርዝር የፕሮጀክት በጀት ከሌለህ አትድከም» የሚለው ምክር እየተደጋገመ ስለሆነ፣ ከይቅርታ ጋር ላርመው። መቀመጫው አምስተርዳም የሆነው የባህልና የጥበብ ደጋፊ ተቋም ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ለጀማሪ አርቲስቶች በሚሰጠው ሲድ ሽልማት (Seed Awards) ግለሰብ አርቲስት በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጀመር 100 ጀማሪዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ዩሮ ያገኙ ሲሆን፣ ገንዘቡን ለምን እንደሚያውሉት የሚወስኑትም ራሳቸው ናቸው። «ጀማሪ» የሚባለውም በዕድሜ ሳይሆን በሙያው የመጀመሪያ 5 ዓመት ነው።

በዚህ ስህተት የተነሳ አንዳንዱ ጭራሽ ሳያመለክት ይቀራል። ሌላው ደግሞ በጀት ሲደምር ይከርምና ሥራው የትኛውን ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ከነማን ጋር እንደሚያነሳ በሁለት መስመር አድበስብሶ ያልፋል፤ ከሚመዘኑት አንዱ ግን እሱ ነው።

ለማጣራት ጥሪው ሲወጣ በፈንዱ ድረ ገጽ ላይ የአመልካች መስፈርቱንና ማመልከት የሚቻልባቸውን አገራት ዝርዝር ያንብቡ። የቪዲዮ ሊንክ ካስገቡ ደግሞ ከአካውንትዎ ወጥተው ይሞክሩት፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ዳኞቹም ላያዩት ይችላሉ።