የአንድ ኢንሄለር ጣጣ

ስለ ልጄ የወታደራዊ አካዳሚ ማመልከቻ ዛሬም ደብዳቤ መጣ። «ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል።» እንዴ! ምን ቀረን? የልጄን ሳንባ አውጥተን በፖስታ እንላክ?

በ14 ዓመቱ ጉንፋን ጸናበት፤ ሐኪሙ «ለማንኛውም» ብሎ አስም ጻፈ፣ ኢንሄለር የሚሉትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘ። በቃ፣ አለቀልን! የአሜሪካ ጦር ደንብ ከ13ኛው ልደት በኋላ የታየ አስም ከምልመላ ያስቀራል። ስለዚህ ወታደራዊ አካዳሚ ለመግባት ዌቨር የሚሉትን ልዩ ፈቃድ ልመና ገባን። የትንፋሽ ምርመራው? ንጹሕ። አስመኛን ደረቱን ጭምድድ የሚያደርገውን ሜታኮሊን አስነፈሱት። ንክች አላለውም! አሁን ደግሞ የድሮውን የፋርማሲ ወረቀት አምጡ አሉ። ፋርማሲው እኮ ተዘግቶ ዶናት ቤት ሆኗል! ዶናት ላምጣላቸው?

ልጁ በየጠዋቱ ዳገት ይሮጣል። ትንፋሽ የሚያጥረኝ እኔ ነኝ፣ ፖስታ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር። ስደውል «ፋይሉ እየታየ ነው» ይሉኛል። በማን? በቴሌስኮፕ?