ሳይነሱ የሚደርሱ

የሐዋሳ ልጆች እንዴት እንደምንጓዝ ዓለም ገና አልተማረም። ሌላው ሰው ነዳጅ ተሰልፎ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ፀሐይ ላይ ተጠብሶ ነው የሚጓዘው። ምን አደከመው? እኛ ፍቅር ሐይቅ ዳር ማኪያቶ አዝዘን የኬንያን ባሕር ዳርቻ ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ ስንት ጊዜ ጠርገነዋል። አንድ ጎማ አልተነፈሰብንም። አንድ ጉልበት አልተላጠም። እንዲህ ያለ ንጹሕ የጉዞ ታሪክ ያለው ማኅበር ካለ ይምጣና ይወዳደረን።

መንገዱን በቃላችን እናውቀዋለን። ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ። ድንበር ተሻግሮ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ። 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄድን በኋላ ነው እንግዲህ ባሕሩን የምናየው። ዋናው ጉዞም ያን ጊዜ ይጀምራል፤ ሕንድ ውቅያኖስን በቀኝ ይዞ ወደ ሰሜን፣ በኪሊፊ አድርጎ ማሊንዲ። ያምራል አይደል? ሲያወሩት ደግሞ የበለጠ ያምራል።

የጤነኛ ጉዞ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሊቀመንበር መረጥን፣ ጸሐፊ መረጥን፣ ገንዘብ ያዥ መረጥን። ሂሳብ መርማሪም አለን፤ የሚመረመር ሂሳብ ግን ገና የለም። ገንዘብ ያዡ መዋጮ ያነሳ ዕለት ያ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ የሚውል ግሩፕ ጭጭ ይላል። ማታ ላይ አንዱ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ይለጥፍና ኑሮ ይቀጥላል።

ቲሸርት ግን አሠርተናል። ቲሸርት የሌለው ጉዞ ምኑ ጉዞ ነው? ደረቱ ላይ ሞተር፣ ጀርባው ላይ ዘንባባና «ሐዋሳ፣ ሞምባሳ፣ ማሊንዲ» የሚል ጽሑፍ። በልደትም፣ በሠርግ ማግስትም፣ በቀበሌ ስብሰባም ለበስነው። ታጥቦ ታጥቦ «ማሊንዲ» የምትለዋ ለቅቃ ጠፍታለች። በቲሸርቱ መሠረት አሁን ጉዟችን ሞምባሳ ላይ ያበቃል።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ሄልሜት የገዛውን ወዳጃችንን ነው። ሄልሜቱን ካፌ ይዞት ይመጣና ጠረጴዛው መሀል ያስቀምጠዋል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ስስ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተላጠችም። አንድ ጥግዋ ተነስቶ አቧራ ይዟል። አስተናጋጇ ማኪያቶ ስታመጣ ገፋ ታደርገዋለች። አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ሞተሩስ?» አለችው። «እየመጣ ነው እህቴ» አላት። ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀችም። ጨዋ ልጅ ናት።

ቀን የሚቆረጠው በጥናት ነው። ከፋሲካ በኋላ ተባለ። አጥኚው አባል ተነሥቶ የኬንያ ባሕር ዳርቻ ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ሚያዝያና ግንቦት ላይ መሆኑን አስረዳ። እውነቱን ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን አክብረን እንውጣ ተባለ፤ ቀኑን የሚቆርጡት ደግሞ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብት አይተው ነው። ለአራዛሚ እንዲህ የሚመች ነገር ከየት ይገኛል? ከዚያ ክረምታችን ገባ። ከመስቀል በኋላ ስንል እዚያ ትንሹ ዝናብ ይጀምራል። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ዓሣ ሳይበሉ ባሕር ዳርቻ ምን ይሠራል? የማይጾሙት አባላት «እኛ እንበላላችኋለን» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ከፋሲካ በኋላ ተባለ።

እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ሞምባሳ ደሴት ናት። በስተደቡብ ወዳለችው ዲያኒ የሚወርድ ሰው በሊኮኒ ጀልባ ይሻገራል፤ ወደ ማሊንዲ የሚወጣ በኒያሊ ድልድይ። ሞተሮቻችን ጀልባ ላይ ይጫኑ ወይስ ጀልባውን ከሩቅ እንየው በሚለው ላይ ሁለት ሰው እስከ ዛሬ አይነጋገርም። ዲላን አልፎ የማያውቅ ሰው ስለ ሊኮኒ ሲሳደብ መስማት በራሱ አገር ማየት ነው።

ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ስለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ውድቅ ሆነ። የከተማችን ባጃጆች ከስንት ዓመት ጀምሮ በፈለጉት በኩል እየነዱ ስላለማመዱን ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም። ወረቀቱም ታስቦበታል። ለድንበር ማዶ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚሉት ኢንሹራንስ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱም ቢጫ ነው። ኳስ ወዳዱ አባላችን «ሁለት ቢጫ ከሆነማ ቀይ ነው፣ ኬላ ላይ ያስወጡናል» አለና አጀንዳው ተዘጋ።

በዚህ መሀል ነው ያ ሥርዓት የሌለው ልጅ ጉድ የሠራን። ግሩፑ ውስጥ ነበረ፤ አንድ ቀን ሐሳብ ሰጥቶ አያውቅም። ቲሸርት እንኳ አልወሰደም። በቦክሰር ሞተሩ ሄደና ከማሊንዲ አንድ ፎቶ ላከ። ከጀርባው ጫፉ ላይ መስቀል ያለው የቫስኮ ዳ ጋማ ነጭ ዓምድ ቆሟል። ቫስኮ ዳ ጋማ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1498 እዚያ ሲደርስ የግሩፕ ፈቃድ አልነበረውም፤ እሱስ ፖርቱጋላዊ ነው፣ ምን ይደረጋል። የሰፈራችን ልጅ ግን እንዴት?

ፎቶው ተጎልጉሎ ተመረመረ። ሰሌዳው አይታይም። ጥላው ወደዚህ መውደቅ ነበረበት። አንዱ «ኤአይ ነው» አለ፤ ብዙ ላይክ አገኘ። ሊቀመንበሩ ረጅም ድምፅ ላኩ፤ «ወንድማችን እንኳን ደረሰ፣ ነገር ግን ያለ ኮሚቴ ውሳኔ መድረስ አንድነታችንን ይጎዳል» አሉ። ልጁ «እሺ ጋሼ፣ ስመለስ መንገዱን ላሳያችሁ?» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ከግሩፑ ወጣ፤ ማለቴ፣ ተወጣ።

ትምህርት ስለተወሰደበት አሁን ሥራችን ተፋጥኗል። በቅርቡ የሙከራ ጉዞ እናደርጋለን፤ እስከ ሻሸመኔ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የአዳር፣ የምግብና የሕክምና ንዑስ ኮሚቴዎች ተዋቅረዋል። ሻሸመኔ ወደ ሰሜን፣ ሞያሌ ወደ ደቡብ መሆኑን ያነሳ አንድ አባል ነበር። ጥያቄው ለመንገድ ጥናት ኮሚቴ ተመርቶለታል።