ጠብታ ዓይን አያሰንፍም

እህቴ «ለዓይን ድርቀት የሚሰጠውን ማለስለሻ ጠብታ ከለመድሽ ዓይንሽ የራሱን እንባ ማመንጨት ያቆማል» ያልሽው ልክ አይደለም፣ እኔም በዚሁ ወሬ እናቴን ጠብታዋን ሁለት ወር አስቁሜያት ስለነበር ነው የምጽፍልሽ። ደሴ ንፋሱና አቧራው አለ፣ ቤት ደሞ የእጣንና የከሰል ጭስ፣ ቡና ልታፈላ ስትቀመጥ ዓይኗ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራትና እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ እኛ እንባ ካለማ ድርቀት አይደለም አልን። ለካ ዓይን ደርቆ ሲቆጣም እንደዛ ያነባል!

እንባ እኮ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ከስር ዓይኑ ላይ የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር አለ፣ መሀል ውሃው፣ ከላይ ደሞ ከዓይን ቆባችን ጠርዝ የሚወጣ ስስ ቅባት፣ ቅባቱ ካነሰ ውሃው ቶሎ ይተናል። ጠብታው ያንን ሽፋን ለጊዜው ይደግፋል፣ ዓይናችንን ስናርገበግብ መፋተጉን ይቀንሳል፣ በቃ። ስትተይው የሚመለሰው ድርቀቱ ነው እንጂ ሱስ አይደለም።

መልሶ የሚያቀላው ቅላት ማጥፊያው ጠብታ ነው፣ እሱ የደም ስር ስለሚያጠብ፣ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ማለስለሻውን በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን እንዳይበላሽ ተብሎ ኬሚካል ያልተጨመረበትን ጠይቂ፣ ኬሚካል ያለበት ሲበዛ ዓይን ሊቆጠቁጥ ይችላል። ስቴሮይድ የሚባለው ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ያለበትን ጠብታ ደሞ ያለ ሐኪም እንዳትነኪው፣ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። አብሽሪ፣ ጠብታሽን አትጣይው።