«ስላልወደዱት ነው» የሚሉት መልስ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ፣ በዝግጅታቸው ላይ ራሳችንን አዞረን፣ አቅለሸለሸን ብለው ቅሬታ ላቀረቡ ታዳሚዎች «ሙዚቃ ማንንም አሳምሞ አያውቅም፤ ስልቱን ስላልወደዱት ነው» የሚል ምላሽ ሲሰጡ ሰማሁ። አወያዩ ፈገግ ብሎ አለፈው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

«ሺህ ሰው እየጨፈረ እንዴት ሦስት ሰው ብቻ ይታመማል?» ሲሉም ጠየቁ። በዚህ ስሌት ከሄድን፣ መርከብ ላይ የሚያስመልሰው ሰው ባሕሩን ስለጠላ፣ ለውዝ በልቶ ፊቱ የሚያብጠውም ለውዙ ስላልጣፈጠው ነው ማለት ነው።

የውስጥ ጆሮ መስሚያ ብቻ አይደለም። ሚዛናችንን የሚጠብቀው አካል ከመስሚያው አጠገብ፣ በዚያው አጥንት ውስጥ፣ እርስ በርሱ በተያያዘ ፈሳሽ ተሞልቶ ተቀምጧል። አንዳንድ ሰዎች ላይ ከሚዛን ቱቦዎቹ አንዱን የሚሸፍነው አጥንት ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ኃይለኛ ድምፅ ፈሳሹን እየገፋ ዓይናቸውን ያንቀጠቅጣል፣ መሬቱንም ያሽከረክርባቸዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሎይድ ማይነር ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቻቸው ጋር ገልጸውታል፤ አጥንት ደግሞ የሙዚቃ ምርጫ የለውም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1937 እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ማክዶናልድ ክሪችሊ ሙዚቃ ሲሰሙ የሚጥል በሽታ ስለሚነሣባቸው ሰዎች ጽፈዋል። እንዲህ ካሉት ታማሚዎች መካከል የሚጥላቸው የሚወዱት ዜማ የሆነባቸው አሉ። እነዚህ ሕመሞች ብርቅ መሆናቸውን እቀበላለሁ፤ ብርቅ መሆን ግን ውሸት መሆን አይደለም።

ጤነኛውስ ቢሆን? ባለፈው ወር በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አራት እርምጃ ያህል ርቄ ተቀምጬ ነበር። ፊቴ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ በእያንዳንዱ የቤዝ ምት ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጆሮዬን በጣቶቼ ስደፍን ዜማው ራቀ፤ ምቱ ግን በወንበሩ እግርና በጎድን አጥንቶቼ በኩል መግባቱን አላቆመም፣ ሆዴም ተገለባበጠ። የተጫወተው ሙዚቃ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ዓይነት ነበር። ውሃውም ስልቱን ስላልወደደው ነው የተንቀጠቀጠው የሚሉኝ ካሉ ልስማቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት፣ በሙዚቃ ዝግጅቶች ላይ የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ታዳሚዎች ጆሯቸውን የሚያሳርፉበት ጸጥ ያለ ስፍራም እንዲኖር ይመክራል። ይህ ለአዘጋጁ «የመድረኩን ጉልበት የሚገድል» ነገር ነው። ጉልበቱ ከማጉያው ቁልፍ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ለእኔ እንዲህ ያለው መድረክ ሙዚቀኛ አያስፈልገውም።

ያን ምሽት ከአዳራሹ ስወጣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን በያዘው ባለሙያ አጠገብ አለፍኩ። በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ብርቱካንማ መድፈኛ ሰክቶ ነበር።