ሳያነቡ ‹ዋይ› ለሚሉ ጀግኖቻችን

ጀግና ጠፋ የሚል ሰው ሀዋሳ ይምጣና ፒያሳ አካባቢ ካፌ ገብቶ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም) ያለበት ላፕቶፕ የከፈቱትን ልጆች ይይ። ቴሌግራም ላይ ማን እንደጻፋት የማይታወቅ ኮማንድ ኮፒ አርገው፣ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ለጥፈው፣ ከፊቷ ሱዶ (ሙሉ ስልጣን የምትሰጠዋን ቃል) ጨምረው ኢንተር ሲመቱ እጃቸው ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። አንብቦ መጫንማ የፈሪ ስራ ነው፣ ፈሪ ደግሞ እዚህ ሰፈር ድሮም አልበቀለም።

ይሄ አፕት የሚባለው ፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራም ጫኝና አውራጁ) በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ያለ ስለሆነ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ነገር ያበዛል፣ አንዲት ቪዲዮ ማጫወቻ ጫንልኝ ስትለው እሺ ብሎ ዝም አይልም፣ ከሷ ጋር እነዚህ ይገባሉ፣ እነዚህ ይወጣሉ፣ ይሄን ያህል ሜጋባይት ይወርዳል፣ ዲስክህ ላይ ይሄን ያህል ይይዛል ብሎ ዘርዝሮ ልቀጥል ወይ ይልሃል። ጀግናችን ለዚህ ሁሉ ወሬ መልሱ አንድ ዋይ (‹አዎ› የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ Y) ናት። እሷም ከከበደችው ባዶ ኢንተር ይበቃዋል፣ ዋይዋ በትልቁ የተጻፈችው ለዛ ነው። የባሰበት ጎበዝማ ከመጀመሪያው ‹ሰረዝ ዋይ› ጨምሮበት ጥያቄውን ራሱ ያስቀረዋል። ይወጣሉ ከተባሉት መሀል ዴስክቶፑ (ስክሪን ላይ የምታየው መስኮትና ምስል ሁሉ) ራሱ ቢኖርስ? ይውጣ! ጥቁር ስክሪን ለዓይንም ጥሩ ነው።

ፈረንጅም ወኔ የለውም አይባልም እንግዲህ። በ2021 ሊነስ ሴባስቲያን የሚባለው ካናዳዊ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ የሚባል ሊኑክስ ላይ ስቲም የሚባለውን የጌም መደብር ልጫን ሲል የፓኬጅ ችግር ነበረና አፕት ኧረ ተው አደጋ አለው፣ እምቢ ካልክ ደግሞ ‹አዎ፣ ያልኩህን አድርግ› ብለህ በእንግሊዝኛ ሙሉውን ጻፍ አለው። ጻፈ፣ ዴስክቶፑም ነጎደ። ከዛ በኋላ አፕትን የሚሰሩት ሰዎች እቺን በር ጠበቅ አረጓት፣ የሰው ወኔ እንዲህ መገደቡ ያሳዝናል።

በ2024 ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ኤስኤስኤች ሎግኢን (ሌላ ኮምፒውተር ከሩቅ መግቢያው) ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር ኤክስዜድ የምትባል ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለች ፓኬጅ ውስጥ የተደበቀ ባክዶር (ሰርጎ መግቢያ ስውር በር) አገኘ። ግማሽ ሰከንድ! ትዕግስት የሚባል አልፈጠረበትም ማለት ነው። የኛ ሰው ላፕቶፑ እስኪከፈት አሞራ ገደል ወርዶ አሳውን በልቶ ይመለሳል እንጂ ምን ገባበት ብሎ ማንንም አያስጨንቅም።

መብራቱም ያግዛል ደሞ። አፕግሬድ መሀል ላይ ድርግም ይላል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ በነጋታው ሲከፈት ዲፒኬጂ (ከአፕት ስር ሆኖ የሚጭነው ፕሮግራም) ስራዬ ተቋርጧል፣ ‹ዲፒኬጂ፣ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር፣ ሰረዝ ኤ› ብለህ እዘዘኝ ብሎ መድኃኒቱን እዛው ኤረሩ ላይ ጽፎለታል። ጀግናው ግን አያነባትም፣ ፎቶ ያነሳታል። ስክሪንሾት እንዳይመስላችሁ፣ በስልክ ነው፣ ከጎን፣ የካፌው አምፖል በትክክል መልሷ ላይ አርፎባት፣ ከስሯም ‹ጓዶች ሄልፕ፣ አስቸኳይ› ተብሎ ግሩፕ ላይ ትለጠፋለች።

ከዛማ የግሩፑ አዋቂዎች ይነሳሉ። አንዱ ሎክ ፋይሉን (ሁለት ጫኝ ባንዴ እንዳይሰራ የሚቆልፈውን) ደምስሰው ይላል፣ አንዱ ፐርሚሽኑን በሙሉ ሰባት ሰባት ሰባት (ማንም እንደፈለገ እንዲነካው) አርገው ይላል፣ ኤረሩ ስለፐርሚሽን ይሁን አይሁን ማን ጠየቀው፣ ሶስተኛው ትልቅ ሰው ‹ፎርማት› ብሎ ይገላግላል፣ አይኤስኦውም (መጫኛ ፋይሉ) ፍላሽ ላይ አለኝ፣ ማታ ና ውሰድ። ይሄ ሁሉ በሰላም እየሄደ ባካፕ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጨዋታ አበላሽ መቼም አይጠፋም፣ አድሚን እሱን በጊዜ አስወጣልን።