ማስተካከያ፦ ሬዶን አያስልም
ባለፈው ሬዶን ስለሚባለው ጨረር አመንጪ ጋዝ ስጽፍ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ። አንደኛው «ቤታችሁ ውስጥ ሬዶን ካለ ያስላችኋል፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል» ማለቴ ነው። ስህተት ነው። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሲተነፍሱትም አይታወቅም። ጉዳቱ የሳንባ ካንሰር ነው፤ እሱም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «እኔን ምንም አላመመኝም» ብሎ መዝናናት አያዋጣም። የሚያስለው ሰው ደግሞ «ሬዶን ነው» ብሎ ከሐኪም እንዳይቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሬዶን ይፈጠራል። በወለል ስንጥቅ ሾልኮ ቤት ይገባል። ሬዶኑ ራሱ ሲፈራርስ ፖሎኒየምን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ይወልዳል። እነሱ ሳንባ ላይ ተለጥፈው አልፋ የሚባለውን ጨረር ይረጫሉ፤ የሴሎቹን ዲኤንኤ ይጎዳሉ።

ሁለተኛው ስህተቴ «ለማያጨስ ሰው አያሰጋም» ያልኩት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚገምተው፣ በአገሪቱ በሬዶን ሳቢያ በዓመት 21,000 ያህል ሰዎች በሳንባ ካንሰር ይሞታሉ። 2,900 ያህሉ አጭሰው አያውቁም። ለሚያጨስማ፣ እሳትና ቤንዚን ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤዝመንት ተከራይታችሁ፣ እኔን አምናችሁ «አላሳለንም» በሚል የሬዶን መመርመሪያውን የተዋችሁ ካላችሁ ይቅርታ። አሁንም ለኩ። ውጤቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቤቱ መስተካከል አለበት። ሥራው ያው ቧንቧና ፋን ነው፤ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር ስቦ ከጣሪያ በላይ ይለቀዋል።